«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ገንዘብ ሲዋጣ፣ ድግስ ሲደገስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ቀድሞ የሚነሣው ተረት ይህ ነው። ተባብረን እንሥራ ለማለት እንጠቅሰዋለን። ትክክል ነው፤ ግን ከዚያም በላይ የሚለው ነገር አለ።

እስቲ ሃምሳ ሎሚ ታቅፎ የቆመ ሰው አስቡ። ሁለቱም እጁ ተይዟል። ሰላም ለማለት እንኳ አይመቸውም። አንዷ ሎሚ ግን እጅ ላይ ታምራለች። ድሮ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወረድ ሎሚ ይዞ ማሽተት የተለመደ ነበር። ጎረምሳውም ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር ነበር። «ጌጡ» የተባለው እንዲሁ ቤት ለመምታት አይደለም። ሎሚ በርግጥም የበዓል ማጌጫ ነበር።

ታዲያ ተረቱ «ሸክሙ ይቀላል» ብሎ አያቆምም። ሲካፈሉት ያምራል ነው የሚለው። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች «ከእናንተ እያንዳንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» ሲል፣ የክርስቶስ ሕግ የሚፈጸመው እንዲህ ነው ብሏቸዋል (6፥2)።

ይህን በተግባር ማየት የሚፈልግ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ጎራ ይበል። የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተራ አላቸው። ተረኛው ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ ያመጣል። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ። ሀብታሙ ከድኻው ጎን ተቀምጦ ከዚያው ዳቦ ይቆርሳል። በር ላይ ያሉት የኔ ቢጤዎችም ድርሻቸው ይደርሳቸዋል። ደስ የሚለኝ ይህ ተራ ነው። ባለጠጋው «ሁሉንም እኔ ልቻል» ብሎ ስሙን አያስጠራም፤ አቅም ያነሰውም ተመጽዋች ሆኖ አይቀመጥም፣ ቀኑ ሲደርስ እሱም ደጋሽ ነው። ትሕትናና ፍትሕ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ እንዲህ ናቸው።

ይህ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ቆሮንቶስ ምስክር ናት። ለጌታ እራት ተሰብስበው አንዱ ይራብ ነበር፣ ሌላው ይሰክር ነበር። ጳውሎስ በዚህ አላመሰገናቸውም። «የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን?» ብሎ ነው የጠየቃቸው (1ኛ ቆሮ. 11፥22)።

እኛም ዘንድ ያው ነገር በሌላ መልኩ አለ። በየደብሩ ጭስ ውስጥ ገብተው ወጥ የሚሠሩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ድስት የሚያጥቡት ሁሌ ያው ጥቂት እናቶች ናቸው። የቀረነው በልተን «እግዜር ይስጥልን» ብለን እንወጣለን። ምርቃቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሃምሳውን ሎሚ ለእነሱ አሸክመን ስለ አንድነት መዝሙር ብንዘምር ከልብ አዝናለሁ። ያዕቆብም የተራበውን ወንድም «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል (2፥15-16)።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ፣ ሰው ገና ሳይበተን፣ እጅጌ ሰብስቦ ወደ ድስቱ መሄድ ነው። ወንዶችም ጭምር። እናቶቹ መጀመሪያ «ተው ልጄ፣ አንተ ተቀመጥ» ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ድስቱን ግን ተቀበሏቸው።