አድራሻ የቀየረው ነዳጅ፦ የነዳጅና ጋዝ ገበያ በተከፋፈለ ዓለም

ነዳጅ ሻጭና ገዢን ለረጅም ጊዜ ያገናኛቸው ዋጋና ቅርበት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ግን ፖለቲካው ሁለቱንም ቀድሟቸዋል። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የአውሮፓ ኅብረት በባሕር የሚመጣላትን የሩሲያ ድፍድፍ ነዳጅ በዲሴምበር 2022 ከለከለ። የቡድን 7 አገራትም በበርሜል የ60 ዶላር ጣሪያ አወጡ። ከዚያ በላይ የሚሸጥ የሩሲያ ድፍድፍ የምዕራባውያንን መርከብም ኢንሹራንስም አያገኝም ተባለ።

ነዳጁ ከገበያ አልጠፋም፣ ደንበኛ ቀየረ እንጂ። ህንድ ከጦርነቱ በፊት ከሩሲያ የምትገዛው ከውጭ ከምታስገባው ድፍድፍ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2023 ከሲሶ በላይ ደረሰ። የሳባት ቅናሹ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ የህንድ ማጣሪያዎች የሩሲያን ድፍድፍ እየገዙ ናፍጣውን ለአውሮፓ መሸጣቸው ነው። ኅብረቱ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የወሰነው በ2025 ነው፤ አረፈደም ወይ ያሰኛል።

ጭነቱን ከሚያመላልሱት ብዙዎቹ ያረጁ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች (ታንከሮች) ናቸው። ባለቤታቸው በውል አይታወቅም፣ ባንዲራ ይቀያይራሉ፣ ያሉበትን የሚጠቁመውን መሣሪያ ያጠፋሉ፣ መሐል ባሕር ላይ ነዳጁን ከመርከብ ወደ መርከብ ይገለብጣሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም። ኢራንና ቬኔዙዌላ ቀድመው ተክነውበታል። ክፍያውም ከዶላር ይልቅ በቻይናው ዩዋን ወይም በኤምሬትሱ ድርሃም ይፈጸማል።

ጋዝ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ታንከር ይዞራል፣ የተቀበረ ቧንቧ ግን የት ይሄዳል? በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከሚያስገባው ጋዝ 40 በመቶ ገደማው የሩሲያ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ከሩሲያ ወደ ጀርመን በባሕር ሥር የተዘረጉት የኖርድ ስትሪም መስመሮች በፍንዳታ ተጎዱ። በዩክሬን በኩል የሚያልፈውም በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ቆመ። ያንን ጋዝ በቀላሉ ወደ ቻይና ማዞር አይቻልም። በ2019 የተከፈተውና በዓመት 38 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ መሸከም የሚችለው ወደ ቻይና የሚሄደው «ፓወር ኦፍ ሳይቤሪያ» ቧንቧ የሚቀዳው ከምሥራቅ ሳይቤሪያ ነው፤ የአውሮፓው ጋዝ ደግሞ የምዕራብ ሳይቤሪያ ነበር። የምዕራብ ሳይቤሪያን ጋዝ ወደ ቻይና የሚወስድ መስመር በሞንጎሊያ በኩል ለመዘርጋት ድርድሩ ዓመታት ፈጅቷል። ቤጂንግ አትቸኩልም። ሌላ ገዢ እንደሌለ ታውቃለች።

የአውሮፓን ጎዶሎ በብዛት የሞላው ፈሳሽ ጋዝ ነው። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ይቀንሳል፤ በመርከብም ይጫናል። አሜሪካ ከሉዊዚያናው ሳቢን ፓስ መላክ የጀመረችው በ2016 ነው። በ2023 ከዓለም አንደኛ ሆነች። ማራገፊያ ያልነበራት ጀርመንም በዲሴምበር 2022 ቪልሄልምስሃፈን ላይ የመጀመሪያዋን ከፈተች።

ዳፋው ለሌሎች ተረፈ። አውሮፓ በ2022 ዋጋ እየጨመረች ስትገዛ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ አቅሙ አጠራቸው፣ መብራትም በፈረቃ ሆነባቸው። ገንዘቡ ያላቸው ደግሞ በረጅም ውል ራሳቸውን አሰሩ። የቻይናው ሲኖፔክ በ2022 ከኳታር ጋር የ27 ዓመት ውል ፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት የአውሮፓ ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ውል ይዘው መጡ።

አንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠል ያሰጋው ሩሲያን ብቻ አይደለም። ካናዳ ድፍድፏን ከሞላ ጎደል ለአሜሪካ ብቻ ስትሸጥ ኖራለች። በሜይ 2024 የተስፋፋው ትራንስ ማውንቴን ቧንቧ በቀን 890,000 በርሜል ወደ ፓስፊክ ጠረፍ ማድረስ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ቻይና ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዷ ሆናለች።