«ባትሪው ነው» ብሎ መቸኮል፦ በሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አልነሳ ካለ ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ።»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው። አዲሱም ባትሪ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይደክማል፤ የሚሞላው ከሌለ ምን ያድርግ? መጀመሪያ በቴስተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ለኩ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ገደማ ያሳያል። ልክ 12 ካሳየ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ነዳጅ ስጡት። ወደ 14 ከወጣ እየሞላ ነው። ንቅንቅ ካላለ ዳይናሞው (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው)፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ወይም በመሃል ያለው ሶኬት ይታይ። ሶኬቱን ሳትነቅሉ አትለፉ፤ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። 15 ካለፈ ግን ሬጉሌተሩ አልቆለታል፤ ባትሪውንም ይዞት ይሄዳል።

«ፊውዝ መቃጠል ከደጋገመ ከፍ ያለ መግጠም ነው።»

እባካችሁ፣ ይሄንን ተዉት። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በ10 አምፔር ቦታ 30 ከገባ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል፤ ሽቦው ደግሞ በነዳጅ ታንከሩ ሥር ያልፋል። ይልቅ መቼ እንደሚቃጠል አስተውሉ። ፍሬቻ ሲበራ? ፍሬን ሲያዝ? ጥፋቱ በዚያው መስመር ላይ ነው።

«ቴስተሩ ከጮኸ ሽቦው ጤነኛ ነው።»

ቴስተሩ ሽቦ መቀጠሉን በጩኸት ይናገራል፤ ከተበጠሰ ሽቦ አንዲት ክር ብትቀር እንኳ ግን ይጮኻል። ያቺ ክር ግን ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር፣ አታዞርም። ሽቦ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ሌላ ሰው ማስነሻውን ይጫን። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው፣ ማለትም ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ፣ ችግር አለበት። ቦሎኑን ፍቱ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ወጪ የለውም።

«ባትሪውን ነቅለህ ሞተሩ ካልጠፋ ዳይናሞው ይሠራል።»

አትሞክሩት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ ባንዴ ሊዘል ይችላል፤ ሬጉሌተሩንም ሞተሩን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተርም ያቃጥላል።

«መጣ ሄደ የሚል ችግር አይገኝም።»

ይገኛል፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሞተር ሳይክሉን በመሃል መቆሚያው አቁማችሁ አስነሱ፤ መሪውን ቀስ እያላችሁ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ከመሪው ሥር ያለው ሽቦ ሁልጊዜ ስለሚታጠፍ ውስጡ ይበጠሳል፤ ላዩ ግን ደህና ይመስላል። እዚያ ካልሆነ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጉ። የጎን መቆሚያውን ስዊችም አትርሱት፤ ጭቃ ከገባበት ማርሽ ስታስገቡ ሞተሩን ያጠፋዋል።