ሴናተር ጂም ኢንሆፍ፦ የሚባለውና እውነቱ

ለኦክላሆማው ሪፐብሊካን ለጂም ኢንሆፍ አንዳንዱ አበሻ ምስጋና፣ ሌላው እርግማን አለው። ከ1994 እስከ 2023 በሴኔት ቆይተው በ2024 በ89 ዓመታቸው አርፈዋል (ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጅ ናቸው)። ስለ እሳቸው ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«በረዶ ከመወርወር ሌላ ምን ሠሩ?»

መወርወሩንስ ወርውረዋል። በየካቲት 2015 የአየር ንብረት ለውጥን ለማጣጣል ድብልብል በረዶ ከላስቲክ አውጥተው በሴኔቱ አዳራሽ ወረወሩ። የዋሽንግተን የአንድ ቀን ብርድ ስለ ዓለም ሙቀት ምንም አይናገርም፤ እዚህ ላይ ተሳስተዋል፣ አለቀ። ግን በዚያው ዓመት፣ በአየር ንብረት ጉዳይ ዓይንና ናጫ ከነበሩት ከዴሞክራቷ ባርባራ ቦክሰር ጋር ሆነው ትልቁን የመንገድ ሕግ አሳልፈዋል።

«ትራምፕ ያሉትን ሁሉ ይፈጽሙ ነበር»

ባብዛኛው አዎ። በ2020 መጨረሻ ግን ትራምፕ የመከላከያ በጀቱን ሕግ ውድቅ አደረጉት። የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሰብሳቢው ኢንሆፍ ነበሩ፤ ሕጉን ይዘው ተከራከሩ። ሴኔቱ ጥር 1 ቀን 2021 በ81 ለ13 ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ ሻረ። ትራምፕ ምዕራብ ሰሃራን ለሞሮኮ ሲያጸድቁም በይፋ ተቃውመዋል።

«ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ በኮንግረስ አልፎ ሕግ ሆኖ ነበር»

ዳያስፖራው ለዚህ ረቂቅ ስንት ደጅ ጠንቷል! በሰብዓዊ መብት ጉዳይ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ጫና የሚያደርግ ነበር፤ ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ናቸው። በጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤት ሲያሳልፈው ብዙ ሰው ጨፈረ። በአሜሪካ አሠራር ግን ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ሴኔቱም ማጽደቅ አለበት፣ በተለምዶም ፕሬዚዳንቱ መፈረም አለባቸው። ኢንሆፍ «ኢትዮጵያ በፀረ ሽብር ጦርነቱ አጋራችን ናት» ባይ ነበሩ፤ ረቂቁን ተቃወሙ። ሴኔቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ።

«በ2021 ሐሳባቸውን ቀይረው የኢትዮጵያ ወዳጅ ሆኑ»

ይሄ ነው የሚገርመኝ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በአዲስ አበባ ላይ የምታደርገውን ጫና ሲቃወሙ፣ በ2007 የረገማቸው ስንቱ አመሰገናቸው፤ ያኔ ያመሰገናቸው ደግሞ ተራውን ረገማቸው። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱንም ጊዜ የቆሙት ቤተ መንግሥት ካለው ወገን ጋር ነው፤ የተቀየረው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ሰው ነው። እኔ በበኩሌ በ2007ቱ አልስማማም፤ የታሰሩ ሰዎች ጉዳይ ነበር። ወላዋይ ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው።

«ነገሩ ሁሉ በልጅ ልጃቸው ምክንያት ነው»

ልጃቸው ከኢትዮጵያ ሕፃን በጉዲፈቻ አሳድጋለች፤ አያትየውም በሴኔቱ በኩራት ያነሷት ነበር። የአፍሪካ ምልልሳቸው ግን በ1990ዎቹ የተጀመረ ነው፤ መነሻው ክርስትና እምነታቸው ነበር። በኋላ ወታደራዊው ጥቅም ተጨመረበት።