ልገሳው የየትኛው ቦታ ተብሎ ይመዘገባል?

የድርጅት ልገሳ በቦታ ሲከፋፈል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የሰጪው አድራሻ አይደለም፤ የተቀባዩ ድርጅት ቢሮ ወይም ገንዘቡ የዋለለት ተጠቃሚ ያለበት ቦታ ነው። ዋና መሥሪያ ቤታችሁ ድሬዳዋ ስለሆነ ብቻ ገንዘቡ ሁሉ «ድሬዳዋ» አይባልም።

ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት 600,000 ብር ሰጣችሁ እንበል። ቢሮው ሐረር ነው፤ 400,000 ብሩ ሐረማያ ላለ ትምህርት ቤት፣ 200,000ው ሐረር ከተማ ላለ ክሊኒክ ዋለ። በተጠቃሚው ቦታ ከተመዘገበ ሐረማያ ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነች 400,000ው ኦሮሚያ፣ ቀሪው ሐረሪ ክልል ይገባል። በተቀባዩ ቢሮ ከሆነ ግን በሙሉ ሐረሪ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፦ ሁለቱ መንገዶች ይቀላቀሉና አንዱ ብር ሁለቴ ይቆጠራል።

የትኛው መንገድ እንደሚያዝ እንደ ሪፖርት ጠያቂው ይለያያል፤ ቅጹን አንብቡ፣ የያዛችሁትንም ከሠንጠረዡ ሥር ጻፉ። የማይለያየው፣ ድምሩ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር መግጠም አለበት። ቦታው ያልታወቀውን በግምት አታከፋፍሉት፤ «ያልተለየ» የሚል ረድፍ ስጡት።