«በዚህ ዕድሜ ምን ይደረጋል?» እና ሌሎች ስለ አጥንት መሳሳት የሚነገሩ ስህተቶች

አቅማቸው የደከመ አረጋዊ የምታስታምሙ ከሆነ እነዚህን አባባሎች ሳትሰሟቸው አልቀራችሁም።

«ካላመማቸው አጥንታቸው ደህና ነው።»
የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም። የአከርካሪ አጥንት እንዲያውም ብዙ ጊዜ ማንም ሳያውቅ ይሰበራል፤ ወገብ ቆረጠኝ ተብሎ ይታለፋል። ቁመታቸው ካጠረ፣ ጀርባቸው ከጎበጠ፣ የድሮው ቀሚስ መሬት መጥረግ ከጀመረ ለሐኪም ንገሩ።

«እንዳይወድቁ ይተኙ።»
ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ጉዳቱ ይብሳል። የተኛ ሰው ጡንቻውም አጥንቱም ይሳሳል። ከዚያ ሌሊት ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲነሳ ይወድቃል። ይልቅ ደግፋችሁ ከወንበር ማስነሳት፣ ጥቂት እርምጃ ማራመድ ይሻላል። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይቀመጡ። የሌሊት መብራት ይኑር፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ፣ ጫማው ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ሰው ይጥላሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ግን እንደገና ይያቸው።

«የሴቶች በሽታ ነው።»
ወንዶችም ይሰበራሉ። ከዳሌ ስብራት በኋላ የመሞት አደጋቸው እንዲያውም ከሴቶች ይበልጣል።

«በዚህ ዕድሜ መድኃኒት ምን ዋጋ አለው?»
እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንዴ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር አደጋው ከፍተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ የአከርካሪ ስብራትን ለመቀነስ 1 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። የቀራቸው ዕድሜ ጥቂት ወራት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ክኒን መቀነስም ሕክምና ነው።

«ካልሲየም ከወሰዱ ይበቃል።»
ለአጥንታቸው ለሳሳ ብቻውን አይበቃም። ለአረጋውያን በአብዛኛው የሚመከረው ከምግብም ከክኒንም ተደምሮ በቀን 1,200 ሚሊግራም ያህል ነው። ሲበዛ ሆድ ያደርቃል፣ የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል። ፕሮቲን ግን አትርሱ።

«ክኒን ያው ክኒን ነው፣ ይዋጥ።»
ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት የተባለ ክኒን ብዙውን ጊዜ በሳምንት 1 ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ 30 ደቂቃ መብላትም መተኛትም የለም፤ አለበለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል። ቀጥ ብለው መቀመጥ ወይም በደንብ መዋጥ ለማይችሉ በዓመት 1 ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ፤ ኩላሊታቸው ግን ቀድሞ ይመርመር። በየ6 ወሩ የሚወጋው ሌላው የአጥንት መድኃኒት ዴኖሱማብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቀኑ ካለፈ አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ አከርካሪም ሊሰበር ይችላል። የቀጣዩን መርፌ ቀን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ተረኛ አስታማሚ ቢቀየርም ወረቀቱ እዚያው ይቆያል።