«ሲስተር፣ ሆዴ ተቆርጦ የት ይገባል ብለሽ ነው?»

ይህችን ጥያቄ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ እሰማታለሁ። ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የክብደት መቀነሻ ኦፕሬሽን የተሠሩ ሰዎችን አመጋገብ እከታተላለሁ። አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ቱርክ ወይም ሕንድ ሄደው የተሠሩ ናቸው። ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ የአመጋገብ ወረቀት አለ። ወረቀቱ «ግማሽ ካፕ» ይላል። እኛ ቤት ግን ያለው ትሪ ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ወደ ትሪው ይመለሳል።

«ለምን አይለኩም?» ስል ያቺው መልስ ትመጣለች። ጨጓራው ራሱ ይለካልኛል ነው ነገሩ።

አይለካም።

እርግጥ ነው፣ ስሊቭ በሚባለው ኦፕሬሽን ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶው ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢይዝ ነው። ባይፓስ በሚባለው፣ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት በቀጥታ ከአንጀት ጋር በሚገናኝበት ኦፕሬሽን፣ የሚቀረው ከረጢት ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ግን ዕቃው ስላነሰ ቆጣሪ ተገጠመለት ማለት አይደለም። የጥጋብ ስሜት ሁልጊዜ ከጉርሻው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መልኩንም ይቀይራል። ድሮ ሆድ ሲወጠር ነበር የምናቆመው። አሁን አንዱን ስቅ ይለዋል፣ አንዱን አፍንጫው ይፈሳል፣ አንዱን ምራቁ አፉን ይሞላዋል፣ ደረቱ መሀል ላይ የሆነ ነገር ይጫነዋል። ይህ ሲመጣ ረፍዷል። ማቆም የነበረባችሁ ከሦስት ጉርሻ በፊት ነው።

ደግሞ ሁሉም ምግብ ሆድ ውስጥ አይቆይም። አንድ ነጋዴ ታካሚ አለኝ። በተሠራ በዓመት ከስድስት ወሩ 9 ኪሎ ጨምሮ መጣ። «ከልጄ ያነሰ ነው የምበላው» ይላል። አልዋሸም፤ ምሳ ላይ ከአምስት ጉርሻ አያልፍም። የአንድ ቀን ውሎውን ጻፍልኝ አልኩት። ጠዋት በሶ በማር። ረፋድ ላይ አቮካዶ ጁስ፣ ስኳር ተጨምሮበት። ከሰዓት ማንጎ ጁስ። ማታ ሐይቁ ዳር ሁለት ቢራ። አንዱም ማኘክ አይፈልግም። ሁሉም ሹልክ ብሎ ያልፋል፣ ጨጓራው «በቃ» የሚልበት ጊዜ እንኳ የለውም። በዚያ ላይ ኦፕሬሽኑ ያጠፋው የረሃብ ስሜት ከጊዜ በኋላ ቀስ በቀስ ይመለሳል። እሱ ይህን ማንም አልነገረኝም ነው የሚለው። ነግሬዋለሁ።

ትሪው ግን ከጁሱ ይብሳል። ከአንድ ትሪ ስንበላ የማን ድርሻ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ጎን የተቀመጠው ሰው ዓይኑ እናንተ ላይ ነው። «አፈር ስሆን» ይመጣል፣ «በሞቴ» ይመጣል። ዓባይ ማዶ የምትኖር አንዲት እህት በተሠራች በስምንተኛው ሳምንት ዘመድ ቤት ዝክር ሄደች። አክስቷ በዶሮ ወጥ የራሰ ጉርሻ አጎረሷት፣ ውስጡ ግማሽ እንቁላል የተደበቀበት። አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ አማቷ ደግሞ በተራቸው። ጓሮ ወጥታ ሁሉንም አስመለሰችው። በማግስቱ ስትደውል «ምንም አልበላሁም እኮ ሲስተር፣ ሦስት ጉርሻ ብቻ» አለችኝ።

አልተከራከርኳትም። ቤቷ ውስጥ ልክ እንደ አክስቷ አድርጋ ሦስት ጉርሻ እንድትጠቀልልና የቡና ሲኒ ውስጥ እንድትከት ነገርኳት። ሁለቱ ሲኒውን ሞሉት። ሦስተኛው አልገባም።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ሲኒ ነው። የኔን በስሪንጅ ለክቼዋለሁ፣ 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በተፈጨ ምግብ ጊዜ ከግማሽ ሲኒ ጀምሩ። ለስላሳ ምግብ ስትጀምሩ አንድ ሲኒ ይበቃል። በስድስተኛው ወር አካባቢ አንድ ተኩል፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ሦስት ሲኒ ሳይሞላ ይጠግባል። ሐኪማችሁ ሌላ መጠን ከሰጣችሁ የሱን ያዙ። ዋናው ነገር ድርሻችሁን ከትሪው ላይ ቀድማችሁ ማንሳት ነው። መጀመሪያ እንቁላሉን፣ ሥጋውን ወይም ምስሩን ብሉ፤ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ነው። 20 ደቂቃ ይፍጅባችሁ። ለጉርሻው ደግሞ «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ። እኔን አሳቡ፣ አይከፋኝም።

ሌሎቹን የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ውሃ ሲጠጡበት ይወርዳል።» ችግሩም እሱ ነው፣ ይወርድና ቦታ ይለቃል፣ መልሳችሁ ትበላላችሁ። ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በቀረው ሰዓት ግን ፉት ፉት እያላችሁ በቀን አንድ ሊትር ተኩል አድርሱ።

«ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም።» የጎጃም ማርም ቢሆን ስኳር ነው። ባይፓስ የተሠራ ሰው አንድ ማንኪያ ሲልስ ላብ አጥምቆት ልቡ ሲመታ አይቻለሁ።

«አንድ ቀን ስለበዛብኝ ጨጓራዬ ተለጠጠ።» በአንድ ቀን አይለጠጥም፣ ተረጋጉ። ለወራት ከደጋገማችሁት ግን ሌላ ነው።

«ቫይታሚኑ ክብደቴ እስኪወርድ ነው።» ዕድሜ ልክ ነው። ዕድሜ ልክ!

«ማስመለስ ያለ ነው፣ ይለመዳል።» አይለመድም። ለቀናት ከቀጠለ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅና ነርቭ ይጎዳል። ቤት ቁጭ ብላችሁ ዝንጅብል አትጠጡ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ።

«ጾም ለኔ አሁን ተስማሚ ነው፣ በቀን አንዴ መብላት ይበቃኛል።» ይህኛው ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የሚሉት ደጋግ ሰዎች ናቸው። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋችኋል። ሁለት ሲኒ በሚይዝ ሆድ ይህን በአንድ ማዕድ ማስገባት አይቻልም፤ በተለይ ያ ማዕድ ቀጭን ሽሮ ከሆነ። 55 ቀን እንዲህ ተጹሞ የሚያልቀው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ነው። ፀጉር በእጅ እየተነቀለ የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። ለታመመ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ አዲስ ነገር አይደለም፣ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ምግቡን ሳትፈቱ ሰዓቱን ብቻ ብታስፈቅዱ እንኳ ወፍራም ሽሮ፣ ምስር፣ አኩሪ አተር በአራትና በአምስት ጊዜ ከፋፍሎ መብላት ይቻላል።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። እኔ የምጣላው «ዓሣ ቀላል ነው፣ እንደልብ ይበላል» ከሚሉት ጋር ነው። 100 ግራም የበሰለ ቀረሶ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ለእናንተ ከዚህ የተሻለ ምግብ አላውቅም። ግን ሐይቁ ዳር የሚመጣላችሁ ሙሉ ዓሣ ነው፣ እስኪደርቅ በዘይት የተጠበሰ። ቅርፊት የሆነውን ትታችሁ ከጀርባው በኩል ነጩን ሥጋ በእጃችሁ ፈልቅቁ። እሾሁን ለዩ። አንድ ሲኒ ሙሉ ስታወጡ ሳህኑን ገፋ አድርጉት። ባሕር ዳር ላይ የተረፈ ዓሣ ተቀባይ አያጣም።