የጥሬ ገንዘብ ኢኮኖሚና የመንግሥት አኃዞች

ድብቅ ኢኮኖሚ የሚባለው ደረሰኝ ሳይቆረጥ፣ ግብር ሳይከፈል፣ ባንክ ሳይገባ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ገንዘብና ሥራ ነው። አብዛኛው ወንጀል አይደለም። ያለ ውል የሚሠራ ግንበኛ፣ በየቤቱ እየዞረ የሚያስጠና አስተማሪ፣ መንገድ ዳር የምትቸረችር ሴት ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንዳስታወቀው 2 ቢሊዮን ሰው፣ ማለትም በዓለም ላይ ሥራ ካለው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ የሚተዳደረው መደበኛ ባልሆነ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ከአገር ውስጥ ምርት (አገሪቱ በዓመት የምታመርተው ጠቅላላ ዋጋ) ሒሳብ ውጭ ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ መመሪያ ግን ሕገወጥ ንግድ እንኳ ሳይቀር ይቆጠር ይላል። ችግሩ አለካኩ ላይ ነው። አንዱ ዘዴ ሰዎች በየቤታቸው ተጠይቀው «እሠራለሁ» ያሉትን ብዛት አሠሪዎች ካስመዘገቡት ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ድብቅ ሥራ ነው። ሌላው በገበያ የሚዘዋወረውን ጥሬ ገንዘብ ይከተላል። ይሄኛው ብዙም አያስተማምንም፤ ሰው ብር የሚይዘው ለመደበቅ ብቻ አይደለም፣ ለቁጠባም ጭምር ነው። ስለዚህ «የድብቁ ድርሻ ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በምን ተለካ የሚለው ነው።

አኃዝ በአንድ ጊዜ ሲያድግ ሁልጊዜ ተንኮል የለበትም። ጣሊያን በ1987 ድብቁን ሥራ አስልታ ስትጨምር ምርቷ 18 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። ናይጄሪያ በ2014 የ1990ውን መነሻ ዓመት (ዋጋና የዘርፎች ድርሻ የሚሰላበትን ዓመት) በ2010 ስትተካ ኢኮኖሚዋ በ89 በመቶ ገዝፎ ደቡብ አፍሪካን በለጠ። በዚያ ቀን የማንም ኪስ አልሞላም፤ ቆጠራው ነው የተሻሻለው።

ውሸት ሌላ ነገር ነው። አርጀንቲና ከ2007 ጀምሮ የዋጋ ግሽበቷን አሳንሳ ስታወጣ ከርማ በ2013 ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ይፋዊ ወቀሳ ደርሶባታል። ግሪክ የ2009 የበጀት ጉድለቷ መጀመሪያ የአገር ውስጥ ምርቷ 3.7 በመቶ ተብሎ፣ በኋላ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ቢሮ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በድብቁ ኢኮኖሚ ማሳበብ አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የዕድገት ቁጥሩ ነው። የድብቁ ድርሻ ካልተለወጠ፣ መጠኑ ቢሳሳትም ዕድገቱ ብዙ አይዛባም። ድርሻው ሲናወጥ ነው ጉዱ። ሕንድ በኖቬምበር 2016 የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶችን በአንድ ምሽት ስትሽር፣ በዋጋ ሲታይ 86 በመቶ የሚሆነው ጥሬ ገንዘብ ከገበያ ወጣ። ትናንሽ ነጋዴዎችና የቀን ሠራተኞች ክፉኛ ተመቱ። የሩብ ዓመቱ ግምት ግን የትናንሾቹን እንቅስቃሴ በአብዛኛው የሚገምተው ከትልልቅ ኩባንያዎች ሪፖርት ተነሥቶ ነበር። ኩባንያዎቹ ደግሞ ቼክም ካርድም አላቸው። በጥሬ ገንዘብ የሚኖረውን ሰው በቀጥታ የሚጠይቀው ጥናት ያኔ ይካሄድ የነበረው በዓመታት ልዩነት በመሆኑ፣ ጉዳቱ በተመዘገበው ዕድገት ላይ በወጉ አልታየም ብለው ብዙ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ተከራክረዋል።